አይዞሽ አትበዪኝ

ሮና መክላርቲ የአውቶቡስ ሹፌር ናት። ከግሪኖክ ከተማ ተነሥታ የባሕሩን ጠርዝ ይዛ ላርግስ ትደርሳለች፤ ከላርግስ ተመልሳ ግሪኖክ። ስትሄድ ባሕሩ በስተቀኟ፣ ስትመለስ በስተግራዋ ነው። አገሩ ዝናብ የሚወድ አገር ስለሆነ የመስታወት መጥረጊያው ከዓመት ዓመት ዕረፍት የለውም።

ትውልዷ ከመርከብ ሠሪዎች ነው። አባቷ በያጅ ነበር። የመርከብ ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ እሱም ቤት ዋለ፤ ቤት መዋሉን ሳይለምደው ሞተ። ባሏ ደግሞ ከባሕር ውስጥ ነዳጅ ከሚያወጡት ጋር ልሥራ ብሎ ወደ ሰሜን ወጣ። መጀመሪያ በየወሩ ይመጣ ነበር፣ ኋላ በየበዓሉ፣ በመጨረሻ አበርዲን ላይ ሌላ ጎጆ ቀልሶ ቀረ። ስለዚህ ሮና ባሕሩን ዕድሜ ልኳን በመስኮት እያየችው አትወደውም፤ ወደ ደሴቶቹ በሚያሻግረው መርከብ ላይ እንኳ ካልቸገራት አትወጣም። «ባሕር ሲወስድ እንጂ ሲሰጥ አላየሁም» ትላለች።

ሞገደኛ መሆኗን መንገደኛው ሁሉ ያውቃል። አንዲት ልጅ አላት፣ ሞርቨን የምትባል። ሞርቨን አሥራ አምስት ዓመቷ ላይ የደም ካንሰር ያዛት። ኬሞ የሚሉት የካንሰር መድኃኒት ጸጉሯን እስከ ቅንድቧ አረገፈው። ሰው ኮፍያ ቢሰጣት፣ ሻሽ ቢሰጣት፣ «እንዲህ ነኝ፣ ማየት የማይፈልግ ፊቱን ያዙር» ብላ ራሷን ሳትሸፍን ትሄድ ነበር። ነገረ ሥራዋ ከእናቷ ቢብስ እንጂ አያንስም።

አንድ ቀን ሮና እየነዳች፣ ሞርቨን ከኋላዋ ካለው ወንበር ላይ ተቀምጣ፣ ከዌምስ ቤይ አንድ ሽማግሌ ተሳፈረ። ልጅቱን ከላይ እስከ ታች አያትና፣ «የዛሬ ልጆች! ወንድ ይሁን ሴት አይለይ፣ ጭንቅላቱን ተላጭቶ ወሮበላ ይመስላል» አለ፤ ለሌላ ተሳፋሪ መናገሩ ነበር።

ሮና አውቶቡሱን ጥግ አስይዛ አቆመች። በሩን ከፈተች።

«ውረድ።»

«ምን አልኩ? ማንንም አልሰደብኩም እኮ!»

«ውረድ አልኩህ።»

«ሴትዮ፣ ዝናብ ነው!»

«ደግ ነው፣ ያጥብህ።»

ሰውየው ወረደ። በማግሥቱ አለቃዋ ጠርቶ ተሳፋሪን በመንገድ ላይ ማውረድ ክልክል እንደሆነ ሲነግራት፣ ሮና እስኪጨርስ ጠበቀችና፣ «ነገ ከተሳፈረ ነገም አወርደዋለሁ። ብቻ ቀድሜ ልንገርህ ብዬ ነው» ብላው ወጣች።

ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነች። ከሐኪም ጋር ተጣላች፣ ከትምህርት ቤቱ ጋር ተጣላች፣ በሽታውን ይዞ ይመጣል ብላ ከጉንፋናም ጎረቤት ጋር ሁሉ ተጣላች። ከልጇ አልጋ አጠገብ ወንበር ላይ ተኛች፤ ስታስታውክ ሳህን ያዘችላት፣ ገላዋን አጠበቻት። በመጨረሻ ሐኪሞቹ ሕክምናው እንዳለቀ፣ ደሟም ንጹሕ እንደሆነ ነገሯቸው። «እንግዲህ ሂጂና ኑሪ» አሏት ሞርቨንን።

ሞርቨን ለመኖር ተነሣች። ሮና ግን ዘብነቱን አልተወችም። ልጅቱ ባስነጠሰች ቁጥር ግንባሯን ትዳስሳለች፤ ደረጃ ስትወጣ ከኋላ ትከተላለች፤ መታጠቢያ ቤት ከቆየች በር ታንኳኳለች። አንድ ቀን ማታ እራት ላይ ሞርቨን ሹካዋን አስቀምጣ፣ «እማ፣ ከካንሰሩ ድኛለሁ። ያልዳንኩት ካንቺ ነው» አለቻት። ሮና ሳቀች፤ ቃሉ ግን ሳምንት ሙሉ ሆዷ ውስጥ ሲንከባለል ሰነበተ።

ያን ሰሞን ነው ሞርቨን የጀልባውን ነገር ከአንዲት ነርስ የሰማችው። ከከባድ ሕመም የሚያገግሙ ወጣቶችን በሸራ ጀልባ አሳፍሮ፣ ከወደብ ወደብ፣ የባሕሩን ዳርቻ ይዞ ለአንድ ሳምንት የሚጓዝ ማኅበር ነበር። ወላጅ አይሄድም። ልጆቹ ራሳቸው ገመድ ይጎትታሉ፣ ራሳቸው ያበስላሉ፣ ራሳቸው መሪ ይይዛሉ። ሞርቨን ተመዝግባ ከጨረሰች በኋላ ለእናቷ ነገረቻት።

«አይሆንም» አለች ሮና፣ ካልሲ እያጠፈች።

«ፈቃድ አልጠየቅኩሽም። ነገርኩሽ እንጂ።»

«ብርድ ቢመታሽስ? ብትወድቂስ? ደምሽ ገና…»

«ደሜ ደህና ነው። ሐኪሜ ፈርሟል። አሥራ ሰባት ዓመቴ ነው እማ።»

«ባሕር ነው እኮ የምትዪኝ!»

«አዎ፣ ባሕር» አለች ሞርቨን። «በመስኮት አይደለም።»

ሮና ከዚያ ወዲያ አልተከራከረችም። ሞርቨን ይህን ስታይ መጠርጠር ነበረባት፤ እናቷ ክርክር የምትተወው ሌላ ነገር ስታስብ ብቻ ነው። ሮና ከሥራዋ የሳምንት ፈቃድ ወሰደች። ለምን ቢሏት፣ «ወጥ ቤቴን ቀለም ልቀባ» አለች።

በመነሻው ቀን ላርግስ ድረስ ሸኘቻት። ጀልባዋ ነጭ ነበረች፣ ከሩቅ የምታምር፣ ሲቀርቧት ግን ከሮና አውቶቡስ ያነሰች። ካፒቴኗ ኤፊ የምትባል ጸጉሯ የነጣ አጭር ሴት ናት፤ ዕድሜዋን ጀልባ ላይ ስለፈጀች መሬት ላይ ስትሄድ እንኳ ወዲያ ወዲህ ትላለች። ከወጣቶቹ መካከል ሁለቱ ከሞርቨን ጋር ገና ከመተያየታቸው ተግባቡ። አንዷ ሳኢማ የምትባል የግላስጎ ልጅ ናት። ካንሰር ጉልበቷን ወስዶባት በቦታው ብረት ስለተተከለላት ታነክሳለች፤ ምላሷ ግን አያነክስም። ሌላው ፊንሌ የተባለ የዌምስ ቤይ ልጅ ነው፣ ቀጥ ብሎ እንደ ሸምበቆ የረዘመ፣ እሱም እንደ ሞርቨን ደሙን የታመመ።

ሮና እጇን አውለበለበች። ጀልባዋ ከወደቡ ወጥታ ሸራዋን ስትዘረጋ፣ ሮና ዞር ብላ ወደ ቤቷ የሚወስደውን አውቶቡስ ሳይሆን ወደ ደሴቱ መርከብ የሚያደርሰውን ያዘች። በቦርሳዋ የሩቅ ማያ መነጽርና ከማኅበሩ ወረቀት የገለበጠችው የወደቦቹ ዝርዝር ነበሩ። የለበሰችው ደግሞ ተሳፋሪ አውቶቡስ ላይ ረስቶት የቀረ፣ ባለቤቱ ያልፈለገው አረንጓዴ የዝናብ ካፖርት ነው፤ ልጇ በራሷ ካፖርት እንዳታውቃት ብላ ነው።

የደሴቱ ከተማ ሮትሲ ደርሳ የባሕሩ ዳር አጥር ላይ ተደግፋ መነጽሯን አነጣጠረች። ሞርቨን ገመድ ስትጎትት አየቻት። ገመዱ አመለጣትና በመቀመጫዋ ዱብ አለች። ማንም ሊያነሣት አልሮጠም! ካፒቴኗ እንኳ ዞር ብላ አላየችም። ሞርቨን ራሷ ተነሥታ፣ ሱሪዋን አራግፋ፣ እየሳቀች ገመዱን እንደገና ያዘች። ሮና ያን ሳቅ በመነጽር አየችው እንጂ በጆሮ አልሰማችውም። እንዲህ አፏን ከፍታ ስትስቅ ካየቻት ስንት ጊዜዋ ነው? ይህ ደስ ሊላት ሲገባ ቅር አላት፤ ለምን ቅር እንዳላት ለራሷም አልገባትም።

በማግሥቱ ጀልባዋ ወደ ታርበርት አቀናች። ሮናም በአውቶቡስ፣ ከዚያ በትንሽ መርከብ፣ ከዚያ በሌላ አውቶቡስ፣ ከዚያ እንደገና በመርከብ ተከተለቻት። በየአውቶቡሱ ከሹፌሩ ጀርባ ተቀምጣ አነዳዱን በልቧ ስትተች ነበር። በየመርከቡ ደግሞ ዐይኗን ጨፍና መቀመጫዋን ጨብጣ ተሻገረች።

ታርበርት የዓሣ አጥማጆች ወደብ ነው። ሮና ዓሣና የድንች ጥብስ ገዝታ ከወደቡ ፊት ለፊት ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀመጠች። ነጯ ጀልባ ገብታ ታስራለች። የመጀመሪያውን ድንች ወደ አፏ ስትልክ፣ ወደ ሸራው ምሰሶ ጫፍ አንድ ሰው በገመድ በታሰረ መቀመጫ ተንጠልጥሎ ሲወጣ አየች። እግሩ ከታች ይወዛወዛል። ጸጉሩ ገና እንደበቀለ ሣር አጭር ነው። መነጽሯን አነሣች።

ሞርቨን ነበረች።

ሮና የተደበቀች መሆኗን ረሳች። ድንቹ መሬት ተበተነ። «ሞርቨን! ውረጂ! አሁኑኑ ውረጂ!» ብላ ስትጮህ የወደቡ አሞራ ሁሉ ብድግ አለ፤ መረብ የሚጠግኑት ሰዎች ቀና አሉ፤ ከመጠጥ ቤቱ ሰው ወጣ።

ከምሰሶው ጫፍ አንድ ቀጭን ድምፅ መጣ። «እማ?!»

ካፒቴን ኤፊ ገመዱን እንደያዘች ወደ ባሕሩ ዳር አየች። «ይቺ ጀልባ ለጭጋግ ጊዜ የሚነፋ ጡሩምባ አላት» አለች ረጋ ብላ። «ያንቺን ያህል ግን አይሰማም።»

ሞርቨን ወረደች። ጀልባዋ ከታሰረችበት የእንጨት መተላለፊያ ላይ እናትና ልጅ ተፋጠጡ። ወጣቶቹ ከጀልባዋ ላይ ሆነው ትርኢት እንደሚያይ ሰው ተደርድረዋል።

«እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?» አለች ሞርቨን።

«ድንች ልበላ መጥቼ።»

«ታርበርት ድረስ?»

«የዚህ አገር ድንች ይጣፍጣል ሲሉ ሰማሁ።»

«እውነቷን ነው፣ ይጣፍጣል» አለ ፊንሌ ከላይ።

«አንተ ዝም በል!» አሉት እናትና ልጅ በአንድ ድምፅ።

ከዚያ ሞርቨን ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ይህ ከጩኸቷ የባሰ ነበር። «ሁለት ዓመት ገላዬን ያላየ ሐኪም የለም። በሬን ዘግቼ የማለቅስበት ክፍል አልነበረኝም። ስበላ ታይኛለሽ፣ ስተኛ ታይኛለሽ፣ ሽንት ቤት ስገባ በር ላይ ትቆሚያለሽ። ይቺ አንዲት ሳምንት የኔ ነበረች። እሷንም ልትወስጂብኝ መጣሽ?»

ሮና ተቆጣች። «ጉድ ነው! ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች! ያን ሁሉ ሌሊት ወንበር ላይ የተኛሁት ለማን ሆነና ነው?»

«ለኔ። አውቃለሁ። ግን አሁን ተነሥቻለሁ፤ አንቺም ከወንበሩ ተነሺ።»

ሳኢማ ከጀልባዋ ላይ ጣልቃ ገባች፤ ባለ ብረት እግሯን ዘርግታ ብስኩት እየቆረጠመች። «ታዲያ ለምን አብራን አትሄድም? በመነጽር ዐይኗን ከምታጠፋ ከቅርብ ትይና ይውጣላት።»

ሞርቨን ሳኢማን በዐይኗ ቆጣ አለቻት። ከዚያ እናቷን አየች፤ በፊቷ ላይ ሮና በደንብ የምታውቀው፣ የራሷ የሆነ እልኸኛ ፈገግታ ብቅ አለ። «እሺ። ነይ። ነገ አራን ደሴት፣ ሎክራንዛ ድረስ። ግን ጀልባው ላይ እናቴ አይደለሽም፤ ተሳፋሪ ነሽ። ተሳፋሪ ደግሞ ምን እንደሚያደርግ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።»

«ይቀመጣል» አለች ሮና።

«አፉን ዘግቶ ይቀመጣል» አለች ሞርቨን።

ኤፊ ወደ ማኅበሩ ቢሮ ደወለች። ቢሮው አጉረመረመ። ሆኖም ከረዳቶቹ አንዱ ጥርሱን ታሞ ወደ ቤቱ ስለሄደ አንድ አልጋና አንድ የመንሳፈፊያ ጃኬት ትርፍ ነበር፤ ለአንዲት ቀን ብቻ ተፈቀደ። ሮና «ይቅርብኝ» ለማለት አፏን ከፍታ ነበር። ግን ልጆቹ ሁሉ ያያሉ፣ መረብ ጠጋኞቹም ያያሉ። በሰው ፊት ማፈግፈግ በቤተሰቧ የለም። «ስንት ሰዓት ነው የምንነሣው?» አለች።

በማግሥቱ ከወደቡ አፍ እስኪወጡ ደህና ነበር። ሮና ጃኬቷን እስከ አገጯ ቆልፋ፣ በጀልባዋ ጀርባ በኩል ተቀምጣ፣ «እንዲያውም ከፈራሁት ይሻላል» አለች። ከኮረብታዎቹ ከለላ ሲወጡ የደቡብ ምዕራቡ ንፋስ ተቀበላቸው። ሸራው ተወጠረ፤ ጀልባዋ በአንድ ጎኗ ጋደል ብላ መብረር ጀመረች። ባሕሩ ከሮና ክርን ሥር ሆነ።

«ተገለበጥን!» ብላ ጮኸች።

«ኧረ ገና መጀመራችን ነው» አለች ኤፊ።

መሪውን የያዘችው ሞርቨን ነበረች። እግሯን ከፍታ ቆማ፣ ዐይኗን ከሸራው ጫፍ ሳትነቅል፣ ጃኬቷ ላይ የባሕር ውሃ እየተንጠባጠበ። ሮና ወደሷ ዘንበል አለች። «ሞርቨን፣ አዙሪው! እንመለስ! ይህ ንፋስ ላንቺ ጤና…»

«ተሳፋሪ» አለች ሞርቨን ዐይኗን ሳታነሣ፣ «ሹፌሩን ማነጋገር ክልክል ነው።»

ፊንሌ በሳቅ ከወንበሩ ሊወድቅ ምንም አልቀረው። ሮና ልትመልስ ስትል ግን ከሆዷ ሌላ መልስ መጣ። አፏን በእጇ ይዛ ተንደፋደፈች።

ሞርቨን መሪውን ለፊንሌ ሰጠች። ባልዲ አንሥታ መጣች፣ የእናቷን የደኅንነት ገመድ ከጀልባዋ ጋር አያያዘች፣ ከጎኗ ተንበርክካ ባልዲውን ያዘችላት። ሮና አስታወከች። ጨረስኩ ስትል ደገማት። ላቧ ቀዘቀዘ፣ እንባዋ ከንፍጧ ጋር ተደባለቀ። ሞርቨን ጀርባዋን እያሻሸች፣ ለስለስ ባለ ድምፅ፣ «አይዞሽ። አይዞሽ እማ፣ አሁን ያልፋል» አለቻት።

ሮና ያንን ድምፅ ታውቀዋለች። የራሷ ድምፅ ነው። የሆስፒታሉ አልጋ ዳር፣ ሳህን ይዛ፣ ቀን ከሌት ስታወጣው የኖረችው ድምፅ ነው። አሁን ከታች ሆና ስትሰማው ግን ደም ሥሯ ተገታተረ።

«አይዞሽ አትበዪኝ!» ብላ ጮኸች ባልዲው ውስጥ። «አያልፍም! ልሞት ነው! አይዞሽ አትበዪኝ!»

ሞርቨን እጇን ከጀርባዋ ላይ አነሣች። ሮና ቀና ስትል ልጇ እያየቻት ነበር፤ የማሾፍ አስተያየት አልነበረም።

«ያስጠላል አይደል?» አለች ሞርቨን።

ሮና አፏን በእጅጌዋ ጠረገች። «ስንቴ… ስንቴ ብዬሻለሁ ይህን ቃል?»

«እንጃ። ሳህኑን መሬት ላይ ልፈጠፍጥብሽ የፈለግኩበት ቀን ግን ብዙ ነው።»

«ታዲያ ምን ልልሽ ነበር የኔ ልጅ? ምን ቃል ነበረኝ?»

«ምንም። ሳህኑን መያዝ በቂ ነበር። ወይ ደግሞ አብረሽኝ መሳደብ። አንቺ ተሳዳቢ ሴት ነሽ እኮ! ተሳፋሪውን ትሳደቢያለሽ፣ ሐኪሙን ትሳደቢያለሽ፤ እኔ ዘንድ ስትመጪ ብቻ መልአክ ሆነሽ ትቀርቢያለሽ። እኔ መልአክ አልፈለግኩም።»

ጀልባዋ ማዕበል ወጣች፣ ወረደች። ሮና የሚነቃነቀውን ውሃ አየችው። ባልዲውን ገፍታ፣ የጀልባዋን የጠርዝ ብረት በሁለት እጇ ጨብጣ ቆመች። ኤፊ ልትይዛት እጇን ዘረጋች፤ ገመዷ መታሰሩን አይታ ተወቻት።

«አንተ የማትጠግብ!» አለች ሮና ለባሕሩ፤ አሞራ ያስደነገጠ ድምፅዋ ተመለሰ። «አባቴን አጉርሰህ ነጠቅከው! ባሌን ወሰድክ፣ እሱንስ ውሰደው፣ እሱ ቢቀርም ይቀራል! ይቺን ግን አታገኛትም! ሰማህ? አልሰጥህም! ጨርሰህ ብትደርቅ አልሰጥህም!»

ሳኢማ ብስኩቷን ኪሷ ከትታ፣ በደህና እግሯ ቆመች። «እኔም አለኝ!» አለች። ስለ ጉልበቷ፣ ስለ ኬሞው፣ ስለ ሆስፒታሉ ሾርባ፣ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ «ምስኪን» እያለች ስለምታለቅስ አንዲት አክስቷ፣ ግላስጎ ብቻ በሚበቅል ስድብ አወረደችው። ፊንሌ መሪውን እንደያዘ የራሱን ደም ሰደበው፤ «አንተ ከሃዲ፣ አብልቼ ባሳደግኩህ!» አለው። ሞርቨን የሰደበችውን ቃል እናቷ ከዚህ በፊት ከአፏ ሰምታው አታውቅም። ሌሎቹም ተራ በተራ ጮኹ፤ ባሕሩ ሁሉንም ተቀበለ።

«እኔ በዚህኛው ጆሮዬ ብዙ አልሰማም» አለች ኤፊ። «በዚያኛውም።»

ሎክራንዛ ሲገቡ ሮና ፊቷ የጎመን ቀለም ይዞ ነበር፤ ራሷ ግን መሰላሉን ይዛ ወረደች። በፈረሰው ግንብ አጠገብ አጋዘኖች በሰው ሳይደነግጡ ሣር ይግጣሉ። ሁሉም ተያይዘው ወደ መጠጥ ቤቱ ሾርባ ሊበሉ ገቡ። ሮና ብርድ ልብስ ተከናንባ ጥግ ይዛ ተቀመጠች።

በአጠገባቸው ደግ ፊት ያለው፣ ጥሩ ሹራብ የለበሰ አንድ ጎብኚ ነበር። የጀልባዋን ነገር ከአስተናጋጁ ሰምቷል። ወደ ሳኢማ ጠጋ ብሎ፣ ድምፁን ቀንሶ፣ «ይቅርታ የኔ ልጅ… ከእናንተ መካከል በሽተኞቹ የትኞቹ ናቸው?» አላት።

ሳኢማ ግራ ቀኝ አየች። ከዚያ በከባድ ኀዘን ጣቷን ወደ ጥጉ ዘረጋች። «እሷ ናት» አለች። «አንዷ ብቻ።»

ሰውየው ተነሥቶ ወደ ሮና ሄደ። ጎንበስ ብሎ እጇን በሁለት እጁ ያዘ። «አይዞሽ እህቴ» አላት። «ተስፋ አይቆረጥም። ሐኪሞቹ… ምን ያህል ጊዜ ሰጡሽ?»

ሮና ቀስ ብላ ቀና አለች። ከጀርባው ፊንሌ ፊቱን በናፕኪን ሸፍኗል፣ ሞርቨን ከንፈሯን ነክሳለች።

«እስከ ነገ ጠዋቱ አውቶቡስ» አለች ሮና።

ቤቱ በሳቅ ተናጋ። ሰውየው ቀላ፣ ይቅርታ ጠየቀ፣ ምን እንዳጠፋ ግን የገባው አይመስልም። ሮና እጇን ከእጁ አላቀቀችና፣ «ምንም አይደለም፣ ክፉ ሰው አይደለህም» አለችው። «ግን እዚህ በሽተኛ የለም። የራበን ሰዎች ነን። ያንን ዳቦ አቀብለኝ።»

ጠዋት ሞርቨን እስከ አውቶቡሱ ማቆሚያ ሸኘቻት። ሲሰነባበቱ የሮና እጅ በልማዱ ወደ ልጅቱ ግንባር ተነሣ። ራሷ ደንግጣ መለሰችው። ሞርቨን ትንሽ ቆየችና ግንባሯን ራሷ አስጠጋች። «አንዴ ብቻ» አለች። ትኩሳት አልነበረም፤ የባሕር ጨው ብቻ ነበር። ሮና አውቶቡሱ ውስጥ ገብታ በወደቡ በኩል ሳይሆን በተራራው በኩል ተቀመጠች፤ ዞር ብላ እንዳታይ። አንገቷ እስኪደነዝዝ ድረስ ተራራውን ስታይ ሄደች። የቀሩትን ቀናት ቤቷ ተቀምጣ ወጥ ቤቷን ቀባች። ቀለሙ አላማረም።

ክረምቱ ሲገባ የፊንሌ ሕመም ተመለሰበት። ግላስጎ ሆስፒታል ተኛ። እናቱ መኪና አትነዳም፤ እሑድ እሑድ ሮና በምትነዳው ወደ ግላስጎ በሚዘልቀው አውቶቡስ ትሄድ ነበር። ሞርቨንም አብራት ትሳፈራለች፤ ሳኢማ እዚያው ትጠብቃቸዋለች። ፊንሌ እስከ መጨረሻው ቀልዱን አልተወም። በረዶው ሳይቀልጥ ሞተ።

ቀብሩ ላይ ቄሱ፣ «ወንድማችን ፊንሌ ከበሽታው ጋር በጀግንነት ታገለ፤ በመጨረሻ ግን ተሸነፈ» አለ።

«አልተሸነፈም» አለ አንድ ድምፅ ከመካከል።

ሰው ሁሉ ዞረ። ሞርቨን ቆማ ነበር፣ የመርከበኛ ጃኬቷን ለብሳ፣ ፊቷ ነጥቶ። «ሞተ» አለች። «ሞት ሌላ፣ መሸነፍ ሌላ። ሲተኛም ሲነሣም እየሳቀብን ነው የሞተው። ተሸነፈ አይባልም።»

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሮና ልጇን በእጅጌዋ ስባ ታስቀምጣት ነበር። አልሳበቻትም። ከጎኗ ተነሥታ ቆመች። ከኋላ ሳኢማ ቆመች፤ ከፊት ወንበር የፊንሌ እናት ቆመች፤ ከዚያ አባቱ። ቄሱ መነጽሩን አወለቀ፣ መልሶ አደረገ። «ልጅቱ እውነት ብላለች» አለ። «ሞተ።» ከዚያም ጸሎቱን ቀጠለ።

በዚያው ዓመት መንገዱን የሚያስተዳድሩት ሰዎች የእሑዱን የግላስጎ አውቶቡስ ሊያስቀሩ ተነሡ፤ የሚሳፈረው ጥቂት ሰው ነው ብለው። በከተማው አዳራሽ ስብሰባ ተጠራ። ሮና የሥራ ልብሷን እንደለበሰች ሄደች። ሰብሳቢው ስለ ጥናቱ አብራርቶ ሲጨርስ ሳይፈቀድላት ተነሣች።

«ጥቂት ሰው አልከኝ?» አለችው። «ማን ማን እንደሆነ ልንገርህ? ባሏ ከአልጋ የማይነሣ ሴት አለች። ልጇ ኬሞ ላይ ያለ አባት አለ። ባለፈው ክረምት ደግሞ የፊንሌ እናት ነበረች፤ ዌምስ ቤይ ላይ በዝናብ ቆማ የምትጠብቀኝ። እነዚህን ነው ጥቂት የምትለኝ? ሽርሽር የሚሄዱ መሰለህ?»

«ወይዘሮ መክላርቲ፣ እባክዎ ይረጋጉ።»

«ተረጋግቼ ነው። ስቆጣ አላየኸኝም።»

አዳራሹ አጨበጨበ። ክርክሩ ወራት ፈጀ። በመጨረሻ የጠዋቱ አውቶቡስ ተረፈላቸው፤ የማታው ተቆረጠ። በሽተኛ ጠያቂዎቹ ይሄዳሉ እንጂ መመለሻ የላቸውም ማለት ነው። ሮና ይህንን ስትሰማ ሳቀች አሉ፤ ደስ ብሏት አልነበረም።

ሞርቨን አሁን የኤፊ ረዳት ሆና በየበጋው ከአዳዲስ ልጆች ጋር ባሕር ላይ ናት፤ ሲመቻት ትደውላለች፣ ሳይመቻት አትደውልም። ሮና ደግሞ እሑድ ማታ ከሥራ ወጥታ በራሷ አሮጌ መኪና ግላስጎ ትሄዳለች፤ ከሆስፒታሉ በር የቆሙትን የምትችለውን ያህል አሳፍራ በየደጃፋቸው ታወርዳለች። አለቃዋ ሰምቶ ጠራት። የድርጅቱ ሹፌር ሆና ተሳፋሪ በግል መኪና ማመላለስ ከደንቡ ውጭ እንደሆነ፣ ለሚመጣው ነገር ኃላፊነቱ የራሷ እንደሚሆን ነገራት።

«የራሴ ነው» አለችው፣ ቁልፏን ከጠረጴዛው ላይ እያነሣች። «አንድ ቀን እናትህ እዚያ ብትተኛ፣ እሑድ ማታ ጠይቀሃት ስትወጣ በሩ ላይ ቁም፤ አንተንም አመጣሃለሁ።»